ሰርሳሪና መወርወሪያ፦ የዋግ ደጋ የቤት መዝጊያ ታሪክና ለዛሬው ሠሪ የሚሰጠው ትምህርት

በአማርኛ ሌሊት ቤት ገብቶ የሚዘርፈው ሌባ ስሙ ሰርሳሪ ነው። ቃሉ ሰረሰረ ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜውም ቦረቦረ፣ በሳ፣ ፈለፈለ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡ አባቶች ሌባውን ያወቁት በር ሲገነጥል ሳይሆን ግድግዳ ሲበሳ እንደ ነበረ ከስሙ መረዳት አያዳግትም። ነገሩም በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ምድራዊ ሀብት በተነገረው ትምህርት ሌቦች የሚሰርቁት ቆፍረው ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ስለ ሌሊት ሌባ የተደነገገው ሕግም በዕብራይስጡ የሚናገረው ቆፍሮ ሲገባ ስለ ተያዘ ሰው ነው።

ሌባ ድንጋይና ጭቃ መቦርቦርን የሚመርጠው በሩ ሲጠነክርበት ነው። ስለዚህ ሰርሳሪ የሚለው ስም ሳይታሰብ የቀድሞውን የበር ሠሪ የሚያመሰግን ምስክርነት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ግን ነገሩ የተገላበጠ ይመስላል። ባለቤቱ ገንዘቡን ለውድ ቁልፍ ያወጣል፤ በሩ የቆመበት መቃን ግን በአንድ ዲጅኖ ግፊት ከግድግዳው ይነቀላል። ይህ ጽሑፍ የሰቆጣንና የዋግን ደጋ የቤት መዝጊያ ታሪክ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር ለማስረዳት ይሞክራል። ይኸውም ቤትን የሚጠብቁት ሦስት ነገሮች እንደሆኑ፣ እነርሱም ከግድግዳው ጋር የተሳሰረ መቃን፣ መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር የሚያስር መወርወሪያ፣ ድምፅ ሰምቶ የሚነሣ ሰው መሆናቸው፣ ቁልፍ ብቻውን ግን ከሦስቱ የአንዱን እንኳ ቦታ ሊተካ የማይችል መሆኑ ነው።

ሰቆጣ ምን ትጠብቅ ነበር?

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ከሚያወጣው ታላቅ ጎዳና በስተ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቆየች ከተማ ናት። ዛሬ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ቀድሞ የትውልድ ሐረጋቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቆጥሩት የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች። ከእነዚሁ አንዱ የሆኑት ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1863 ዓ.ም. ገዝተዋል። የአካባቢው ሕዝብ አገው ነው፤ ኽምጣኛም ከአማርኛ ጎን ለጎን ይነገራል።

ለእኛ ርእስ ከዙፋኑ ይልቅ ገበያው ይጠቅመናል። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰቆጣ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እየተቆረጠ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ በዚያ ያልፍ ነበር። አሞሌ ደግሞ ለወጥ ብቻ የሚፈለግ አልነበረም፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። በመሆኑም የሰቆጣ ነጋዴ ቤት መኖሪያው ብቻ ሳይሆን ባንኩም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህም ሀብት ልዩ ጠባይ ነበረው። ጨው እርጥበት ያሟሟዋል፤ ሲወድቅ ይሰበራል፤ ሲሰበርም ዋጋው ይቀንሳል። እንግዲህ የጨው ቤት ደረቅ፣ ጠባብ በር ያለውና በደንብ የሚዘጋ መሆን ነበረበት።

የቀረው ሀብት የራሱ መደበቂያ ነበረው። የማርያ ቴሬዛ ብር በእንስራ ተደርጎ መሬት ውስጥ ይቀበራል። እህሉ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት በተሠራ ጎታ ይቀመጣል። ጎታ የሚሠራው በቤቱ ውስጥ ስለሆነ ትልቁ ጎታ በበር አይወጣም፤ ሊሰርቅ የገባ ሰው እህሉን በጨለማ እየዛቀ ወደ ስልቻ መገልበጥ አለበት። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ድምፅም ያሰማል። የደኅንነት ጥበብ ዋና ነገር ሌባን ለዘለዓለም ማገድ ሳይሆን ጊዜውን መብላት መሆኑን የአገራችን እናቶች ጎታ ሲሠሩ በተግባር አሳይተዋል። ከብቱም ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከጅብ መጠበቅ ስላለበት ሌሊት ወደ ቤት ይገባ ነበር። በላስታና በአካባቢው በሚታዩት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ ያድራል።

መቃኑና ግድግዳው

በዋግ ድንጋይ ሞልቷል፤ ለሳንቃ የሚሆን ትልቅ ዛፍ ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ በወፍራሙ ይካባል፤ የተገኘው መልካም እንጨት፣ ወይራ ቢሆን ጥድ፣ ለበሩ ይቆጠባል። ሠሪው ይህን ያደረገው ለውበት አልነበረም። ወፍራም ግንብ የሚደክመው በተከፈተበት ቦታ ነው፤ የተከፈተው ቦታ ደግሞ በር ነው።

ይህን ችግር የሰሜኑ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ በረቀቀ መንገድ ፈትተውት ነበር። በትግራይ የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን፣ ለዋግ ጎረቤት በሆነው በላስታም በዋሻ ውስጥ የተሠራውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው የበሮቹንና የመስኮቶቹን መቃኖች ያስታውሳል። በመቃኑ አራት ማዕዘን ላይ አራት የእንጨት ራሶች ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። እነዚህ ራሶች ጌጥ ብቻ አይደሉም። በግድግዳው ውፍረት ውስጥ አልፈው የውጩን መቃን ከውስጡ መቃን ጋር የሚያጋጥሙ እንጨቶች ጫፍ ናቸው። ግድግዳው ራሱም በድንጋዩ መካከል በየረድፉ በተጋደሙ እንጨቶች የታሰረ ነው። እንግዲህ ይህን በር ለመንቀል መቃኑን መግፋት አይበቃም፤ ግድግዳውን ማፍረስ ያስፈልጋል።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደ ተከበረ የሚያሳየው እንጨት በማያስፈልግበት ቦታ እንኳ መልኩ መቀረጹ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ በቆሙት በአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ግርጌ ከድንጋይ የተቀረጸ የተዘጋ በር አለ፤ ከእነዚህም በአንዳንዶቹ ላይ የበሩ መቆለፊያ ቅርጽ ጭምር ይታያል። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው የቆመው ሐውልትም ከእነዚህ ባለ በር ሐውልቶች አንዱ ነው። ከአንድ ዐለት በተፈለፈለው በላሊበላው ቤተ ዐማኑኤልም የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ፣ የበርና የመስኮት ማዕዘን ራሶች ሁሉ በዐለቱ ላይ ተፈልፍለዋል። ከሰቆጣ ብዙ የማይርቀውና የዋግሹሞች አስከሬን ያረፈበት ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም የዚሁ የፍልፍል ጥበብ ወገን ነው።

የገበሬው ቤት እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ አልነበረውም። መሠረተ ሐሳቡ ግን አንድ ነበር። መቃኑ ቀድሞ ይቆማል፤ ግንቡም በዙሪያው ይካባል፤ ከላይ ጉበኑ፣ ከታች ደፉ ወደ ግንቡ ዘልቀው ይገባሉ፤ የድንጋዩም ክብደት ያርፍባቸዋል። ዛሬ ግን የምንሠራው በተቃራኒው ነው። ግድግዳውን ጨርሰን ቀዳዳ እንተዋለን፤ መቃኑን ከኋላ አምጥተን እንሰካዋለን።

መዝጊያውም እንደዚሁ የታሰበበት ነበር። በመጥረቢያ ከተጠረበ ወፍራም ሳንቃ ይሠራል፤ በሳንቃው አንድ ጎን ላይና ታች ተጠርቦ የቀረው ዘንግ መሰል ጫፍ በጉበኑና በደፉ ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድ ገብቶ ይዞራል። ማጠፊያ ብረት የለውም፤ ስለዚህ የሚነቀል ምስማር፣ የሚፈታ ብሎን፣ የሚቆረጥ ዘንግ የለውም። መዝጊያውን ለማውጣት ጉበኑን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ጉበኑን ለማንሣትም ግንቡን ማውረድ ግድ ይሆናል። የበሩም ቁመት አጭር ነበርና የሚገባ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ጎንበስ ያለ እንግዳ ሰላምታ ይሰጣል፤ ጎንበስ ያለ ጠላት ግን ማጅራቱን ይሰጣል።

መወርወሪያው

በቀን ቀለል ያለ መቀርቀሪያ ይበቃል። ሌሊት ግን ከበሩ ጀርባ ወፍራም መወርወሪያ ይጋደማል። ጫፉና ጫፉ በግራና በቀኝ ባለው ግንብ ወይም መቃን በተበሳ ጉድጓድ ይገባል። የዚህ ነገር ኀይል ከቀላልነቱ ይመጣል። በሩ ከውጭ ሲገፋ ግፊቱ በአንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም፤ ከሳንቃው ወደ መወርወሪያው፣ ከመወርወሪያው ወደ ሁለቱ ጎን ይከፋፈላል። የዛሬው ተራ ቁልፍ ግን ያን ሁሉ ግፊት የአንድ ጣት ስፋት ባላት ምላስና በሁለት አጫጭር ብሎኖች ላይ ያሳርፋል።

መወርወሪያ አንድ ጉድለት አለው፤ ይኸውም የሚዘጋው ከውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። መወርወሪያ ያለ ሰው አይሠራም። በውስጥ ባለቤቱ፣ እናቲቱ፣ ሽማግሌው ወይም ልጁ መኖር አለበት። በቀድሞው የዋግ ኑሮ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም ነበር፤ ቤት ባዶውን የሚያድርበት ጊዜ ጥቂት ነበርና። ከውጭ የሚቆለፍ ቁልፍ የሚያስፈልገው ሌሊት ሰው ለማያድርበት ቤት ነው። በአገራችን የእንዲህ ያለ ቤት ጥንታዊ ምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉንም የሚይዘው ኀላፊነት ያለበት ሰው ነው።

ከውጭ የሚከፈት ቁልፍ በዓለም ታሪክ ጥንታዊ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ በኮርሳባድ በአሦራውያን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከእንጨት የተሠራ፣ በሚወርዱና በሚነሡ ትንንሽ ዘንጎች የሚሠራ ቁልፍ ተገኝቷል። ዛሬ በብዙ በሮቻችን ላይ ያለው በትንንሽ ዘንጎች የሚሠራ ቁልፍ ይህን ጥንታዊ ሐሳብ የተከተለ ነው፤ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1861 እ.ኤ.አ. ባገኘው የፈጠራ መብት ይታወቃል። ነገር ግን የተሻለ ቁልፍ ሁሉ የተሻለ ቁልፍ ከፋች አስከትሏል። በ1851 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ጊዜ አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ፣ እንግሊዞች የማይከፈቱ ይሏቸው የነበሩትን የቸብንና የብራማን ቁልፎች ከፍቶ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ቁልፍ አይከፈትም ማለትን ትተው በስንት ጊዜ ይከፈታል ወደሚለው ጥያቄ አዘነበሉ። ኢኤን 1627 የሚባለው የአውሮፓ የደረጃ መለኪያም በሮችን የሚመድበው በዚህ ሐሳብ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ያለ በር የተወሰኑ መሣሪያዎች የያዘን ሰው 3 ደቂቃ፣ በሦስተኛው ደረጃ ያለው 5 ደቂቃ፣ በአራተኛው ደረጃ ያለው 10 ደቂቃ መቋቋም አለበት። እንግዲህ በዘመናዊው ዓለም እንኳ ጥሩ በር የሚባለው ጥቂት ደቂቃ የሚገዛ በር ነው። ደቂቃዎቹ ዋጋ የሚኖራቸው ግን ድምፁን ሰምቶ የሚነሣ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ሰውየው

በአገራችን ታሪክ በር መጠበቅ ታላቅ ሥልጣን ነበረ። ደጃዝማች የሚለው ማዕርግ ራሱ ደጅና አዝማች ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። አጋፋሪውና እልፍኝ አስከልካዩ ማን እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚጠና ይወስኑ ነበር። ተራው ሰው ዘበኛ ባይኖረውም ጎረቤት ነበረው። ኡኡታ ሲሰማ መንደሩ ይወጣል፤ ሰምቶ የቀረ ይታማል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የዚህን ዘመን የደኅንነት ሕግ በአጭሩ ይገልጸዋል። አጥሩ የሚከበረው በእሾሁ ብዛት ሳይሆን ባለቤቱ በመንደሩ ባለው ክብር ነው ማለት ነው። ይህ አባባል ግን የሚያሳዝን ሌላ ፊት አለው። የባልቴቲቱና የድኻው አጥር ባለቤቱ ስለማይፈራ ይነቀነቃል። ስለዚህ ለእነርሱ የሠሪው ጥበብ ከጌታው ይልቅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ዛሬም ያስፈልጋቸዋል።

ሌባው ሳይታወቅ ሲያመልጥ ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረጋል፤ ያየና የሰማ ሁሉ ይጠየቃል። ሥርዓቱ ስርቆትን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ስለሚያደርግ የመከላከል ኀይል ነበረው፤ በሌላ በኩል ግን ንጹሑን ከሥራው ያስፈታ ነበር። መድኀኒት የጠጣ ልጅ መርቶ ሌባውን ያወጣል ይባል የነበረው የሌባ ሻይ ልማድ ደግሞ ያለ ማስረጃ ሰው የሚያስወነጅል ክፉ ልማድ ነበርና መቅረቱ የሚያስደስት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተተካበት የወንጀል ሕግ፣ ሰብሮ መግባትን ስርቆትን ከሚያከብዱ ሁኔታዎች መካከል ይቆጥሩታል። ሕጉ መቃንንና መዝጊያን የሰው ክብር ወሰን አድርጎ ይመለከታቸዋል ማለት ነው።

ሰው ከግድግዳ እንደሚበልጥ ከላሊበላ የበለጠ የሚያስረዳን ቦታ የለም። ቤተ መድኃኔ ዓለም ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ሰርሳሪ ሊበሳው ቢያስብ ዕድሜው አይበቃውም። ይሁን እንጂ አፍሮ አይገባ የተባለው የታወቀ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከዚያ ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ነበር፤ ቤልጂግ አገር ተገኝቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰ። የዐለት ግድግዳ ያላዳነውን ቅርስ ሌላ ማን ያድነዋል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቆጠራ፣ መዝገብ፣ ኀላፊነቱ የታወቀ ቁልፍ ያዥና ንቁ ሕዝብ የሚል ይሆናል።

ጋን ቁልፉና ባዶው ቤት

የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያና ጋን ቁልፍ ወደ አገር መግባታቸው ቀለለ፤ ከገበያ ወደ ገበያም እየተሸጋገሩ ሩቅ ደጋ ደረሱ። ጋን ቁልፍ እንዲህ የተፈለገው ግን ስለ ረከሰ ብቻ አይደለም። ኑሮው ራሱ ተለውጦ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ደመወዝተኛው ቢሮ ይገባል፤ ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ቦታ ያድራል። ከውስጥ የሚዘጋው መወርወሪያ ለዚህ ኑሮ አይሆንም፤ ከውጭ የሚንጠለጠለው ጋን ቁልፍ ይሆናል።

ይህ ለውጥ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በቤት ደኅንነት ታሪክ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ እርሱ ነው። መወርወሪያ ሰው አለ ይላል፤ ጋን ቁልፍ ግን ሰው የለም ብሎ በደጅ ላይ ያውጃል። የቀድሞው ቤት በሦስት ጠባቂዎች ይጠበቅ ነበር። ጋን ቁልፍ የገባበት ቤት ሦስተኛውን ጠባቂ፣ ሰውን፣ በቀኑ ክፍል ያጣል፤ ሁለተኛውን ጠባቂ፣ መወርወሪያውን፣ በትንሽ ብረት ይለውጣል። ሸክሙ ሁሉ በመቃኑ ላይ የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ዋግ ባዶ ቤትን በክፉ ቀንም ዐውቆታል። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የወሎ ክፍለ ሀገር ሕዝብ፣ የዋግ ሰውም ጭምር፣ ቀዬውን እየለቀቀ ወደ ኮረምና ወደ ሌሎች የእርዳታ ጣቢያዎች ተሰደደ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲደርስ ደግሞ ከአበርገሌና ከፃግብጅ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች ሰቆጣ መጥተው ተጠለሉ። እንዲህ ባለው ቀን ቤቱን ቆልፎ የሚሄድ ሰው ቁልፉ ዕቃውን ያድንልኛል ብሎ አይደለም። ቤቱ ባለቤት አለው፣ እመለሳለሁ ማለቱ ነው። በኪሱ የያዘው ቁልፍ ከብረት ይልቅ ቃል ኪዳን ነው። ስለ በር ደኅንነት የምንጽፍ ባለሙያዎች ይህን መዘንጋት የለብንም፤ የምንሠራው ነገር ሰው ተስፋውን የሚያንጠለጥልበት ጭምር ነውና።

የላሜራው በርና የመኪናው በር

የዘመኑን የብረት በር የሠራው እጅ ከየት እንደ ተማረ ቃላቱ ይነግሩናል። ላሜራ፣ ፌሮ፣ ብሎን፣ ቱቦላሬ፣ ብሎኬት የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እንጨት በጠፋበት አገር የላሜራ በር ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ምስጥ አይበላውም፤ ዛፍ አያስቆርጥም፤ በየከተማው ያለ በያጅ ይሠራዋል። ችግሩ ያለው በላሜራው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሥራ ላይ ነው።

የመኪና ማስገቢያ በርም ከዚሁ ጋር መጣ። በአሜሪካ በ1921 እ.ኤ.አ. ወደ ላይ የሚነሣ የጋራዥ በር፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚከፈተው ተሠራ። በእኛ አገር የጋራዥ ቤት በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ከቪላ ቤቶች ጋር ተያይዞ ታወቀ። እንደ ሰቆጣ ባሉ ከተሞች ግን የጋራዥን ሥራ የሚሠራው በአብዛኛው ሁለት ተከፋች ያለው የግቢ በር ነው። ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ ወይም የጭነት መኪናው የሚያድረው ከእርሱ ኋላ ነው። የዛሬ ባጃጅ ለባለቤቱ እንደ ቀድሞው የጨው ጭነት ነው፤ የቤተሰብ ጥሪት ሁሉ በእርሱ ላይ ተጭኗል።

ለሠሪው የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን የማኅበራችን አባላት በንድፍም ሆነ በቁጥጥር ጊዜ ልንመለከታቸው የሚገቡትን ነጥቦች ቀጥለን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መቃኑ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ዛሬ የምንሰካው የብረት መቃን የሚያዘው በጥቂት አጫጭር የብረት ክርኖችና በቀጭን የሲሚንቶ ሙሌት ነው። ግድግዳው ውስጡ ባዶ ብሎኬት ሲሆን ክርኑ የሚይዘው ነገር የለም። በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ብሎኬቶች ባዶነታቸው በኮንክሪት ይሞላ፤ ፌሮም ይግባበት፤ በየጎኑ ቢያንስ ሦስት ረጃጅም መያዣዎች ከዚያ ኮንክሪት ጋር አብረው ይታሰሩ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ከሆነ መያዣው በግንቡ ውፍረት አልፎ ከውስጥ በኩል በጠፍጣፋ ብረት ይጠበቅ። ይህ ከይምርሐነ ክርስቶስ የእንጨት ራሶች ሐሳብ ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ማጠፊያው ይታሰብበት። ብዙ የግቢ በሮች ወደ ላይ ሲነሡ ከማጠፊያቸው የሚወጡ ናቸው። ቁልፉ ሳይነካ በሩን በዲጅኖ አንሥቶ ማውጣት ይቻላል። ከማጠፊያው በላይ በሩ እንዳይነሣ የሚያግድ ቁራጭ ብረት መበየድ ወይም ከማጠፊያዎቹ አንዱን ገልብጦ መግጠም ይህን ያስቀረዋል፤ ወጪውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ወደ ውጭ በሚከፈት በር ደግሞ የማጠፊያው ዘንግ ከውጭ ስለሚታይ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ በማጠፊያው በኩል በሩ ሲዘጋ ወደ መቃኑ የሚገቡ ሁለት ጠንካራ ጉጦች ይደረጉለት።

ሦስተኛ፣ የሁለት ተከፋች በር ሰነፉ ክንፍ ይታሰር። መኪና ሲገባ ብቻ የሚከፈተው ክንፍ ከላይና ከታች ጥልቅ ጉድጓድ በሚገባ ወፍራም ዘንግ ካልተያዘ፣ መካከል ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ምንም ያህል ቢወፍር ሁለቱ ክንፎች አብረው ይገፋሉ። የታችኛው ጉድጓድ በአፈር እንዳይሞላ በኮንክሪት ውስጥ በቧንቧ ቁራጭ ይሠራ።

አራተኛ፣ መወርወሪያው ይመለስ። ሌሊት ሰው ለሚያድርበት ቤት በላሜራው በር ጀርባ ከግድግዳ ግድግዳ የሚጋደም የቱቦላሬ መወርወሪያ ከብዙ ውድ ቁልፎች ይበልጣል። ጋን ቁልፍ የግድ ሲሆን ማንጠልጠያው በብየዳ ወይም ከውስጥ በሚታሰር ብሎን ይያዝ፤ ቀስቱም ለመጋዝና ለዲጅኖ እንዳይጋለጥ በብረት ሽፋን ይከለል።

አምስተኛ፣ በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። በመስኮት ሁሉ ብረት አድርጎ አንዱን በር ከውስጥ በጋን ቁልፍ ዘግቶ መተኛት ሌባን ከማገድ ይልቅ ቤተሰብን ማሠር ነው። እሳት ቢነሣ በጢስ የታፈነ ሰው ጨለማ ውስጥ ቁልፍ ፈልጎ አያገኝም። መወርወሪያ ግን በእጅ ብቻ ይነሣል፤ ልጅም ያነሣዋል። የቀድሞው መዝጊያ ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ገር መሆኑ ከጥበቡ ሁሉ የሚበልጥ ጥበብ ነው።

ስድስተኛ፣ ቤት ከጎረቤቱ አይለይ። ደጃፉን ከመንገድ ፈጽሞ የሚሰውር ከፍ ያለ ድፍን አጥር ለባለቤቱ ምስጢር ቢጠብቅለትም፣ ለገባው ሌባ ደግሞ መጋረጃ ይሆንለታል። በሩ ከጎረቤት ደጅ የሚታይና የሚሰማ ቢሆን፣ በር የሚገዛቸው ጥቂት ደቂቃዎች ዋጋ ያገኛሉ።

ከእነዚህ ስድስት ነጥቦች አብዛኞቹ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ አይፈልጉም። የሚፈልጉት የንድፍ ሠሪው ሐሳብ፣ የበያጁ ጥንቃቄና የተቆጣጣሪው ዐይን ነው። ጥበቡ በተለይ ለባልቴቲቱና ለድኻው ቤት ሊደርስ የሚችለውም ስለዚህ ነው።

የዋግ አባቶች በር ሠርተው ሌባውን ወደ ግድግዳ መለሱት፤ ስሙንም ሰርሳሪ አሉት። እኛ ደግሞ በጊዜያችን በሩን ከላሜራ፣ ግድግዳውን ከብሎኬት ሠርተን የሁለቱን መጋጠሚያ ረሳነው። ሰርሳሪ ግን አልረሳውም፤ ዲጅኖውን የሚያስገባው እዚያች ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ቤት ተመርቆ ቁልፉ ለባለቤቱ በሚሰጥበት ቀን፣ ከእልልታው በፊት፣ ከመካከላችን አንዱ ቀረብ ብሎ መቃኑን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቢፈትሽ፣ ለባለቤቱ ከቁልፉ የሚበልጥ ስጦታ ሰጠው ማለት ነው።